የሐዋሳ ፓርክን ደመወዝ የሚሞላው የገጠሩ ቤተሰብ

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ብዙ ቁጥር ተነግሮ ነበር። በቻይና ተቋራጭ በዘጠኝ ወር ገደማ መጠናቀቁ፣ ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር መፍጀቱ፣ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ በሁለት ፈረቃ 60,000 ሰው እንደሚቀጥር፣ ፍሳሹንም አጣርቶ መልሶ እንደሚጠቀም በየመድረኩ ተደጋግሟል። እነዚያ 60,000 ሰዎች ማታ የት እንደሚያድሩ፣ ወሩን በምን እንደሚዘልቁ፣ ቢወልዱ ልጁን ማን እንደሚይዝላቸው ግን በዚያው ልክ አልተሰላም። ሼዱ፣ መንገዱና የኃይል ማከፋፈያው በመንግሥት ወጪ ተሠራ፤ ማደሪያው፣ ቀለቡና የልጅ ጥበቃው ለሠራተኛዋና ለቤተሰቧ ተተወ። የኢትዮጵያ የፋብሪካ ጉልበት ርካሽ ሆኖ የተገኘውም ከዚህ የተነሣ ነው። ከሠራተኛዋ የኑሮ ወጪ ቀላል የማይባለውን ክፍል ደመወዟ ሳይሆን ሌላ ሰው ይሸፍናል፤ ያ ሰው ብዙውን ጊዜ በሲዳማ ወይም በወላይታ ገጠር የምትኖር እናት ናት።

በ2011 ዓ.ም. በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ቢዝነስ ትምህርት ቤት ሥር ያለ የሰብዓዊ መብት ማዕከል ስለ ፓርኩ ባወጣው ጥናት፣ የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። በጊዜው ምንዛሪ 750 ብር ገደማ መሆኑ ነው። በዚያው ጥናት ንጽጽር የባንግላዴሽ የልብስ ስፌት ሠራተኛ 95፣ የኬንያዋ 207፣ የቻይናዋ 326 ዶላር ታገኝ ነበር። ከ750 ብሩ ላይ በወቅቱ ሕግ መሠረት 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ማለትም 52 ብር ከ50፣ ከ600 ብር በላይ ባለው ላይ ደግሞ 10 በመቶ የሥራ ግብር፣ ማለትም 15 ብር ሲቀነስ፣ እጅ የሚገባው 682 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። በእርግጥ ፋብሪካዎቹ ምግብ ያቀርባሉ፤ ሰርቪስ ወይም የትራንስፖርት አበል የሚሰጡ አሉ፤ ወር ሙሉ ሳትቀር ለሠራች ደግሞ ቦነስ ይጨመራል። ይህን አለመጥቀስ ፍትሐዊ አይሆንም። ይሁንና የአንድ ቀን ሕመም የሚያስቀረውን ቦነስ ተማምኖ ቤት የሚከራይ ሰው የለም።

በፓርኩ ዙሪያ ባሉ ሰፈሮች የተለመደው አኗኗር ይህንኑ ይመሰክራል። ሦስት ወይም አራት ልጆች አንድ ክፍል የጭቃ ቤት በጋራ ይከራያሉ። መሬት ላይ ፍራሽ ተነጥፏል፣ ጥግ ላይ የከሰል ምድጃ አለ፣ ልብስ በሚስማር ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። አንዷ ለጠዋቱ ፈረቃ ጎሕ ሳይቀድ ስትነሣ የማታዋ ገና እንቅልፍ አልጠገበችም፤ የማታዋ ደግሞ ከምሽቱ አራት ሰዓት አካባቢ ስትወጣ ሰርቪስ ከሌላት ወይ የባጃጅ መክፈል ወይ በጨለማ መሄድ አለባት፤ በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ ለከፋ፣ ዝርፊያ፣ አንዳንዴም ከዚያ የከፋ ነገር አለ። ከበሩ ጀርባ በማዳበሪያ ከረጢት የመጣ በቆሎና በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ተቀምጧል። የዚህን ጽሑፍ ጉዳይ በአጭሩ የሚያሳየው ያ ከረጢት ነው። በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭኖ የመጣው እህል ከአንድ አነስተኛ ማሳ የተቀነሰ ነው፤ ፋብሪካው በላከው ሸሚዝ ዋጋ ውስጥ ግን የለም።

የቤተሰቡ ወጪ ከረጢቱ ብቻ አይደለም። ልጅቷ ስምንተኛ ወይም አሥረኛ ክፍል እስክትደርስ የተከፈለው ሁሉ አለ። ከቤት ስትወጣም የቤቱ ሥራ አብሯት አይወጣም። ውኃ መቅዳቱ፣ እንጨት መልቀሙ፣ ታናናሾቹን መያዙ ወደ እናት ወይም ወደ ተከታይዋ እህት ይዞራል፤ ተከታይዋ ደግሞ በዚያ ምክንያት ከትምህርት ልትቀር ትችላለች። የመጀመሪያው ደመወዝ እስኪደርስ ድረስ ለኪራይ፣ ለፍራሽና ለድስት የሚሆነው ገንዘብ ከፍየል ሽያጭ ወይም ከዘመድ ብድር ይመጣል። ወላጆች ልጃቸውን ሲሸኙ ከጥቂት ወራት በኋላ ገንዘብ ትልክልናለች ብለው ነው፤ ለብዙዎቹ ግን ሒሳቡ ተገልብጦ፣ ወሩ ሳያልቅ የሚደወለው ስልክ ከከተማ ወደ ገጠር ሆነ። ኢኮኖሚስቶች ከግብርና ወደ ፋብሪካ የሚሄደው ጉልበት የገጠሩን ሸክም ያቀልላል ሲሉ ኖረዋል። እዚህ ላይ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የታየው ገጠሩ ፋብሪካውን ሲደጉም ነው።

የዚህ ድጎማ ወሰን የት ላይ እንደሆነ ያሳየው የሠራተኛው ፍልሰት ነው። በዚያው የ2011 ጥናት መሠረት በፓርኩ ያሉ ፋብሪካዎች በአማካይ በየአሥራ ሁለት ወሩ የሠራተኞቻቸውን ያህል አዲስ ሰው መቅጠር ነበረባቸው። ነገሩ ለሐዋሳ ብቻ የተለየም አልነበረም። ከፓርኩ በፊት ኢኮኖሚስቶቹ ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በአምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ባደረጉት ጥናት 947 ሥራ ፈላጊዎች በዕጣ ተመድበው፣ ከፊሎቹ የፋብሪካ ሥራ፣ ሌሎቹ 300 ዶላር ያህል ገንዘብ ከአጭር ሥልጠና ጋር፣ የቀሩት ምንም ሳያገኙ ተነጻጽረዋል። ሥራውን ካገኙት ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር ለቅቀዋል፤ ዓመቱ ሲያልቅ የለቀቁት 77 በመቶ ደርሰዋል። ፋብሪካ የገቡት በከባድ የጤና ችግር የመጠቃት ዕድላቸው ካልገቡት በግልጽ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የመነሻ ገንዘብ ያገኙት ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው ጨምሮ ነበር፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ግን በሦስቱ ቡድኖች መካከል የነበረው ልዩነት ከሞላ ጎደል ጠፍቷል።

አሠሪዎች ይህን ፍልሰት ሲያብራሩ ልጆቹ ገጠር ስላደጉ ለሰዓትና ለመስመር ሥራ ገና አልለመዱም ይላሉ። በአባባሉ ውስጥ ጥቂት እውነት አለ፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ስፌት መስፋት፣ በሱፐርቫይዘር ጩኸት ታርጌት ማሟላት፣ መጸዳጃ ለመሄድ ማስፈቀድ ከእርሻ ቤት ሥራ ጋር አይመሳሰልም። ነገር ግን ሥራውን ያልለመደ ሰው ሲለምድ ይቆያል እንጂ ከለመደ በኋላ አይለቅም። ከስድስት ወርና ከዓመት በኋላ የሚለቁት ልጆች ሥራውን ለምደውታል፤ የጠፋው የቤተሰቡ አቅም ነው። ከቤት የሚላከው እህል በክረምት ሲሳሳ፣ ኪራዩ ሲጨምር፣ ወይም ዘመድ ሲታመም ሥራው ከገቢ ይልቅ ወጪ ይሆናል። ያኔ የተሻለ ወደሚከፍል የከተማ ሥራ፣ ወደ ገጠር፣ ወይም ወደ ዓረብ አገር ይኬዳል። ኢትዮጵያ ከሳዑዲ ዓረቢያ ጋር በገባችው የቤት ሠራተኞች ስምምነት የተቆረጠው የወር ደመወዝ 1,000 ሪያል ነው፤ በዶላር ሲመታ ከ260 በላይ ይሆናል፤ የፓርኩን የያኔ መነሻ ደመወዝ አሥር እጥፍ ያህል። የጉዞውን አደጋ የማያውቅ ቤተሰብ ዛሬ የለም ማለት ይቻላል። አደጋውን እያወቀ የሚልክ ቤተሰብ ያሰላው ስሌት ከዚህ አንጻር ሲታይ ለመረዳት አያስቸግርም።

በሌላ በኩል ፓርኩ ለእነዚህ ልጆች ምንም አላመጣም ማለት ስሕተት ነው። ያለ ዕድሜ ጋብቻን ለመሸሽ ወይም ለማዘግየት ሥራውን የመረጡ፣ በዕቁብ ጥቂት ብር አጠራቅመው የማታ ትምህርት የገቡ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በስማቸው የባንክ ደብተር ያወጡ አሉ። ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም፤ ብዙዎቹ መለስ ብለው ሲጠየቁ የሚያማርሩት ፋብሪካ በመግባታቸው ሳይሆን ሠርተው መቀመጥ ባለመቻላቸው ነው።

የሒሳቡ ከባድ መስመር ልጅ ሲወለድ ይመጣል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወሊድ ፈቃድን ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ከሙሉ ክፍያ ጋር አድርጎታል፤ ከቀድሞው አዋጅ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ መሻሻል ነው። ከዚያ በኋላስ? የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ይላል፤ የፋብሪካዋን ሠራተኛ የሚመለከተው አዋጅ ግን እንዲህ ያለ ግዴታ በአሠሪው ላይ አልጣለም። በልብስ ገበያ ተፎካካሪያችን የሆነችው ባንግላዴሽ በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የሥራ ሕግ 40 እና ከዚያ በላይ ሴቶች የሚሠሩበት ድርጅት ከስድስት ዓመት በታች ላሉ ልጆቻቸው ክፍል እንዲያዘጋጅ ታስገድዳለች። አፈጻጸሙ የተጓደለ ቢሆንም ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ሕጉ ተናግሯል። እዚህ ግን እናትየዋ ያላት ምርጫ ሦስት ነው፤ ሥራውን መልቀቅ፣ ከራሷ ባነሰ ደመወዝ ከገጠር ሌላ ታዳጊ ሞግዚት ማምጣት፣ ወይም ሕፃኑን ጡት ሳይጠግብ ለአያቱ መላክ። ሁለተኛው መንገድ ሸክሙን ከራሷ ለባሰች ልጅ ያስተላልፋል፤ ሦስተኛው ያው በቆሎውን የምትልከውን ሴት ሞግዚት አድርጎ ይጨምራል።

ይህ ጥያቄ ከፋብሪካ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በእንግሊዝ የጥጥ ፋብሪካ ከተሞች፣ በተለይ በላንካሸር፣ እናቶች ከወለዱ ብዙም ሳይቆዩ ወደ ማሽኑ ይመለሱ ስለነበር ሕፃናቱ በሳንቲም ለሚጠብቁ አሮጊቶችና ልጃገረዶች ይተዉ ነበር፤ ጠባቂዎቹም ሕፃኑ እንዳያለቅስ ኦፒየም ያለበት ሽሮፕ ያጠጡት ነበር። ጎድፍሬይስ ኮርዲያል የተባለው መድኃኒት በየመደብሩ በግልጽ ይሸጥ ነበር። ኤድዊን ቻድዊክ በ1842 እ.ኤ.አ. ለመንግሥት ባቀረበው ሪፖርት በማንቸስተር የሠራተኛ ቤተሰቦች አማካይ የሞት ዕድሜ 17፣ በገጠሯ ራትላንድ ግን 38 ዓመት ሆኖ ተመዝግቧል። ይህ ማለት ማንቸስተር ውስጥ ሰው በ17 ዓመቱ ይሞት ነበር ማለት አይደለም፤ አማካዩን ወደ ታች የጎተቱት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የተቀበሩት ሕፃናት ናቸው። ከወለደች አራት ሳምንት ያልሞላት ሴት ፋብሪካ እንዳትቀጠር የሚከለክለው ድንጋጌ የወጣው በ1891 እ.ኤ.አ. ነው፤ የጥጥ ፋብሪካዎች ከተስፋፉ ከመቶ ዓመት በኋላ ማለት ነው።

«ሁሉም አገር በዚህ አልፏል» የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚቆመው በዚሁ የእንግሊዝ ታሪክ ላይ ስለሆነ ታሪኩን ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። የኢኮኖሚ ታሪክ ተመራማሪዎች እንዳሰሉት ከ1780 እስከ 1840 እ.ኤ.አ. የአንድ የእንግሊዝ ሠራተኛ ምርት በ46 በመቶ ሲያድግ እውነተኛ ደመወዙ የጨመረው 12 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በስድሳ ዓመት ውስጥ ሁለት ትውልድ ሠርቶ አልፏል። የፋብሪካ ሕፃናትን የሚመለከተው የመጀመሪያ ሕግ በ1802 ወጣ፤ የሚያስፈጽም ተቆጣጣሪ ግን አልተቀጠረም። በ1833 ዕድሜው ከዘጠኝ ዓመት በታች የሆነ ልጅ በጥጥ ፋብሪካ እንዳይሠራ ሲከለከል አራት ተቆጣጣሪዎች ተሾሙ፤ ለመላው አገር አራት። የሴቶችና የወጣቶች የሥራ ቀን በአሥር ሰዓት የተገደበው በ1847 ነው። እድገቱ በራሱ ጊዜ የሠራተኛውን ቤት አልደረሰም፤ እንዲደርስ ያደረገው ረጅም የሠራተኛ ትግልና በየጊዜው የተጨመረ ሕግ ነው። «አልፏል» የሚለው ቃል ያለፉትን ይቆጥራል እንጂ መንገድ ላይ የቀሩትን አይቆጥርም።

ኢትዮጵያም ከዚህ በፊት የራሷ ተሞክሮ አላት፤ ወንጂ ላይ። የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ሲጀምር ነገሩ ከሐዋሳ በተቃራኒ መንገድ ነበር የተያዘው። የጅሌ ኦሮሞ ከብት አርቢዎች ይኖሩበት በነበረው መሬት ላይ አገዳ ተተከለ፤ ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ የመጡ ሠራተኞች በኩባንያው ካምፖች ውስጥ ሰፈሩ። ኩባንያው ቤት ሠራ፣ ክሊኒክ ከፈተ፣ ለካምፖቹ ውኃ ከጉድጓድ አወጣ። ቤተሰቡ ከነልጁ እዚያው መኖር ስለቻለ የማደሪያው ወጪ በገጠር ዘመድ ላይ አልወደቀም። ችግሩ የመጣው ከውኃው ነው። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ በብዛት ይገኛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን የወንጂ ጉድጓዶች ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነበረባቸው። ካምፕ ውስጥ የተወለዱ ልጆች ቋሚ ጥርሳቸው ሲወጣ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ውኃውን ከአሥር ዓመት በላይ የጠጡ ብዙ አዋቂዎች ደግሞ አከርካሪያቸው እየደረቀ ጎብጠው፣ አንገታቸውን ማዞር አቅቷቸው፣ አንዳንዶቹ ፈጽሞ መራመድ ተስኗቸው ቀሩ። ፍሎራይድ ማጣሪያ ሲተከል በአጥንት ውስጥ የተከማቸውን ሊያወጣ አልቻለም። ከአገዳ ቆረጣ ጡረታ የወጣውን ጎባጣ ሰው ያስታመመው ቤተሰቡ ነው።

የወንጂ ሠራተኞች ግን በአንድ ቦታ አብረው መኖራቸው አንድ ነገር አስገኝቶላቸዋል፤ ተደራጅተዋል። በአገሪቱ የሠራተኛ ማኅበር እንቅስቃሴ ቀዳሚ ከነበሩት መካከል ናቸው፤ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም በ1955 ዓ.ም. ተመሠረተ። በየዓመቱ ሙሉ በሙሉ በሚቀያየርበት የሐዋሳ ሠራተኛ ውስጥ ማኅበር ማቋቋም ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም፤ ሊቀመንበሯ ስብሰባ ከመጥራቷ በፊት ሥራ ለቅቃ ይሆናል።

የፓርኩ ገበያ ሲናጋም የኢንሹራንሱን ሥራ የሠራው ያው የገጠር ቤት ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ትእዛዝ የተሰረዘባቸው ፋብሪካዎች ሠራተኛ ሲቀንሱና ፈቃድ ሲያስወጡ ከሐዋሳ የወጡት ልጆች የተመለሱት ወደ ወላጆቻቸው ነበር። በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ከቀረጥ ነፃ የአሜሪካ ገበያ ዕድል፣ ተጠቃሚነት ስትሰርዝም፣ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የተፈጸመው ውሳኔ ገና ሥራ ላይ ሳይውል የፓርኩ ዋና ደንበኛ የነበረው የአሜሪካው ልብስ ኩባንያ ፒቪኤች በኅዳር ወር ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ገዢው ሌላ አገር ሄደ፤ ባለ ሼዱ መንግሥት ሌላ ተከራይ ፈለገ። ልጆቹን የተቀበላቸው ቀድሞውንም የሚመግባቸው ማሳ ነበር።

አሁን ያለንበት ሁኔታ ይህን ሁሉ አጥብቦታል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ የ2011ዱን 26 ዶላር ለማስጠበቅ ብቻ፣ አንድ ዶላር በ130 ብር ቢሰላ እንኳ፣ ደመወዙ 3,380 ብር መድረስ ነበረበት። መንግሥት ለራሱ ሠራተኞች ዝቅተኛውን ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከመስከረም 2018 ጀምሮ ከፍ አድርጓል፤ በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ደግሞ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ለመንግሥት ሠራተኛ ከ6,000 ብር በታች መኖር አይቻልም ብሎ የወሰነ አካል ለፋብሪካ ሠራተኛዋ ምንም ወለል አለማስቀመጡ የሚያስገርም ነው። ዝቅተኛ ደመወዝ ከተቆረጠ ባለሀብቱ ይሸሻል የሚለው ሥጋት ከንቱ አይደለም፤ የሐዋሳ ፋብሪካዎች ከወደብ ሩቅ ናቸው፣ ጨርቁ ከውጭ ይገባል፣ የአንድ ጀማሪ ምርታማነትም ገና ዝቅተኛ ነው። ነገር ግን በየዓመቱ ሁሉንም ሠራተኛ ከዜሮ ማሠልጠን የሚያስወጣው ወጪ ያንኑ ምርታማነት ዝቅ አድርጎ ይይዘዋል። ደመወዝ ብቻውን ቢጨምርም አይበቃም፤ በፓርኩ ዙሪያ ቤት ካልተሠራ ጭማሪው በሁለተኛው ወር ወደ አከራዩ ኪስ ይገባል። ስለዚህ መኝታ ቤት፣ የሕፃናት ማቆያና የደመወዝ ወለል አንድ ላይ መታሰብ አለባቸው፤ ከሦስቱ የመጀመሪያው የመንግሥትንና የአልሚዎችን መሬትና ብድር፣ ሁለተኛው አንድ የሕግ አንቀጽ፣ ሦስተኛው አንድ ደንብ ይፈልጋል።

የዚያ ደንብ መነሻ በአዋጅ 1156/2011 ውስጥ አለ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ የሚቋቋም የደመወዝ ቦርድ፣ የመንግሥት፣ የሠራተኛና የአሠሪ ተወካዮች የሚቀመጡበት፣ የአገሪቱን የኢኮኖሚ ዕድገት፣ የሥራ ገበያውንና ሌሎች ሁኔታዎችን በጥናት እያየ ዝቅተኛውን ደመወዝ በየጊዜው የሚከልስ እንደሚሆን ተደንግጓል። ኮንፌዴሬሽኑ ቦርዱ ሥራ እንዲጀምር ሲወተውት ዓመታት አልፈዋል። ቦርዱ የተቀመጠ ዕለት ጥናቱ ከፋብሪካዎቹ የወጪ ደብተር ብቻ የሚነሣ ከሆነ 750 ብር ይበቃ ነበር የሚል ድምዳሜ ላይ መድረሱ አይቀርም፤ ልጆቹ በእርግጥም በዚያ ደመወዝ ኖረዋልና። «ሌሎች ሁኔታዎች» በሚለው ሐረግ ሥር በሐዋሳ የአንድ ክፍል ኪራይ፣ በወላይታ ሶዶ ገበያ የአንድ ኩንታል በቆሎ ዋጋና ከገጠር ወደ ፓርኩ በየወሩ የሚላከው እህል ግምት አብረው መመዝገብ አለባቸው። ይህን ለማወቅ ትልቅ ጥናት አያስፈልግም፤ ደመወዝ ከመከፈሉ በፊት ባለው ሳምንት በሐዋሳ መናኸሪያ ከየገጠሩ የሚራገፈውን ከረጢት መቁጠር ለመነሻ ይበቃል።